ከካልካታ ፀሐይ እስከ ኦሳካ ብርድ

ባሕር ስለ ምን ሰማያዊ ሆነ? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ሕፃን ሲጠይቀንም «የሰማዩ መልክ አርፎበት ነዋ!» ብለን እንገላገላለን። እንዲህ ብሎ የተገላገለው ደግሞ ተራው ሰው ብቻ አልነበረም። ሰማዩ ራሱ ስለ ምን ሰማያዊ እንደ ሆነ ለዓለም ያስረዳው ታላቁ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እንኳ የጥልቁን ባሕር ቀለም የሰማይ ነጸብራቅ ነው ብሎ ነበር። በ1921 አንድ የ32 ዓመት ህንዳዊ በመርከብ ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጥ ግን ይህ መልስ አልዋጥ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ይባላል። ኦክስፎርድ ላይ ተደርጎ ከነበረው የዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ «ናርኩንዳ» በተባለችው መርከብ ወደ አገሩ መመለሱ ነበር። የኒኮል ፕሪዝም የምትባል ትንሽ የብርሃን መመርመሪያ ይዟል። ይህች መሣሪያ በተገቢው ማዕዘን ስትያዝ ከውሃው ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ታጠፋለች። ራማን የሰማዩን ነጸብራቅ በፕሪዝሟ አጥፍቶ ባሕሩን ተመለከተ። የተለመደው መልስ እውነት ቢሆን ኖሮ ባሕሩ መጥቆር ነበረበት። አልጠቆረም፤ እንዲያውም ሰማያዊነቱ ደመቀ። እንግዲያው ቀለሙ ከሰማይ የተበደሩት ሳይሆን ከውሃው ከራሱ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ራማን መርከቧ ቦምቤይ ወደብ ስትደርስ ሐሳቡን ጽፎ ለንደን ለሚታተመው «ኔቸር» መጽሔት ላከ። ዛሬ እንደሚታወቀው የባሕር ሰማያዊነት ዋናው ምክንያት ውሃ ቀዩን ብርሃን መዋጡ ነው፤ ራማን ያተኮረበት የብርሃን መበተንም የራሱ ድርሻ አለው። ውሃ ቀዩን የሚውጠው ደግሞ ሞለኪውሎቹ ስለሚርገበገቡ ነው። ይህን የሞለኪውል ርግብግብታ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የታሪካችን ዋና ገጸ ባሕርይ እሱ ነውና።

እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። የራማንን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሳይንስ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ከአንዱ ነው። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ የሚያስተምሩ ህንዳውያን ብዙ ነበሩ፤ እኒህ መምህርም የራማንን ስም የሚጠሩት የዘመዳቸውን ስም እንደሚጠራ ሰው ደረታቸውን ነፋ አድርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሰው የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ደግሞ የሰውየው ብልኅነት ብቻ አይደለም፤ ያገኘው ነገር እጅግ ደካማ መሆኑና ያ ደካማ ነገር ፍሬ እስኪያፈራ የወሰደው ጊዜ ነው። ነገሩ በ1928 በካልካታ ፀሐይ ተጀምሮ በ2024 ጃፓን ውስጥ በበረደ ሕዋስ ላይ ደርሷል። በመካከሉ ያለው 96 ዓመት የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ደካማ ብርሃን እስኪታይ ድረስ ጊዜ ከየት ይገኛል?

ራማን ራሱ ጊዜውን ያገኘው ከእንቅልፉ ቀንሶ ነበር። የተወለደው በ1888 በደቡብ ህንድ ቲሩቺራፓሊ አጠገብ ነው። በ1907 የማስትሬት ዲግሪውን እንደ ያዘ በእንግሊዝ አስተዳደር የገንዘብ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሒሳብ ሹምነት ተቀጥሮ ካልካታ ገባ። በጊዜው ለአንድ ህንዳዊ ወጣት ከዚህ የተሻለ እንጀራ አልነበረም። ሳይንስን ሥራዬ ብሎ መያዝ ግን የሚታሰብም አይደለ። አንድ ቀን በቦውባዛር ጎዳና ሲያልፍ በቁጥር 210 ላይ «የህንድ የሳይንስ ማስፋፊያ ማኅበር» የሚል ሰሌዳ አየና ገባ።

ያን ቤት ያቋቋመው መንግሥት አልነበረም። ማሄንድራላል ሲርካር የተባለ ሐኪም ነው። ህንዳውያን ሳይንስን ከመጽሐፍ ከመሸምደድ አልፈው ራሳቸው ሊመረምሩት ይገባል ብሎ፣ ከሀብታሞችና ከመሳፍንት መዋጮ ለምኖ በ1876 ከፈተው። ሲርካር በ1904 ሲሞት ቤቱ ነበረ፤ የሚሠራበት ትውልድ ግን ገና አልመጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ ራማን በዚያ በር ገባ። ከዚያ ወዲያ ለአሥር ዓመት ጠዋት ከቢሮ በፊት፣ ማታ ከቢሮ በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠው አሹቶሽ ዴይ ረዳቱ ነበር። በ1917 የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር ሲሰጠው ከሒሳብ ሹምነቱ ያነሰ ደመወዝ መሆኑን እያወቀ ተቀበለ።

በእነዚያ ዓመታት ራማን በብዛት ያጠናው ብርሃንን ሳይሆን ድምፅን ነበር፤ የቫዮሊንን፣ የቪናን፣ የህንድ ከበሮዎችን። ይህ እንደ አጋጣሚ አይታየኝም። ክራር ደርዳሪ ጅማቱን ሲነካ እያንዳንዱ ጅማት እንደ ውጥረቱና እንደ ክብደቱ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ሞለኪውልም እንዲሁ ነው። አቶሞቹን ያያያዘው ማሰሪያ እንደ ጅማት ይርገበገባል፤ ርግብግብታውም እንደ አቶሞቹ ክብደትና እንደ ማሰሪያው ጥንካሬ ይለያያል። የውሃ ከአልኮል፣ የስብ ከፕሮቲን ይለያል። ችግሩ ይህን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ አለመኖሩ ነው። ራማን ያገኘው ያን ጆሮ ነው።

ከሜዲትራኒያን ከተመለሰ በኋላ ራማንና ተማሪዎቹ ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚበተን ዓመታት ፈጅተው መረመሩ። በ1923 ኬ. አር. ራማናታን የተባለው ተማሪው ከተበተነው ብርሃን መካከል ቀለሙ ትንሽ የተለወጠ ደካማ ጭላንጭል አየ። ፈሳሹ ቆሻሻ ነገር ቢኖርበት ነው ተብሎ ደጋግሞ ተጣራ፤ ጭላንጭሉ ግን አልጠፋም። በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው አዶልፍ ስሜካል እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል በስሌት ተንብዮ ነበር። በ1928 መጀመሪያ ራማን ኬ. ኤስ. ክሪሽናን ከተባለው ተባባሪው ጋር ሆኖ ወደ ሥራው ዐይኑን ጨፍኖ ገባ፤ ስድሳ ያህል ፈሳሾች ተሞከሩ።

መሣሪያው ምን ነበር? የካልካታ ፀሐይ፣ ፀሐዩን ሰብስቦ ፈሳሹ ላይ የሚያሳርፍ ምስሪት፣ ሁለት ባለቀለም መስተዋቶችና የሰው ዐይን። የመጀመሪያው መስተዋት ከፀሐዩ ብርሃን ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለተኛው ሰማያዊውን ፈጽሞ ከልክሎ አረንጓዴውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለቱ ተደርበው ቢታዩ ጨለማ መሆን አለበት። ፈሳሹ በመካከላቸው ሲገባ ግን አረንጓዴ ጭላንጭል ታየ። ሰማያዊ ሆኖ የገባ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል! ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1928 ብርሃኑን በየቀለሙ በምትዘረዝረው ስፔክትሮስኮፕ ሲያዩት አዲሱ ቀለም ከዋናው ተነጥሎ ለብቻው ቆሞ ተገኘ። ህንድ ከ1987 ጀምሮ ይህን ዕለት ብሔራዊ የሳይንስ ቀን አድርጋ ታከብረዋለች።

የሆነው ነገር በእኛ ምሳሌ ሲነገር እንዲህ ነው። ሞለኪውል እንደ ኬላ ነው፤ ብርሃን እንደ ነጋዴ። አብዛኛው ነጋዴ ይዞት የመጣውን ሳይነካ በኬላው ያልፋል። ጥቂቱ ግን ቀረጥ ይከፍላል፤ ከያዘው ኃይል ቀንሶ ለሞለኪውሉ ርግብግብታ ይሰጣል። ኃይሉ ሲቀንስ ቀለሙ ወደ ቀይ ያዘነብላል። እያንዳንዱ ኬላ የቀረጥ ተመኑ የራሱ ነውና፣ የወጣው ነጋዴ ምን ያህል እንደ ጎደለበት ያወቀ ሰው በየትኛው ኬላ እንዳለፈ ያውቃል። የቀድሞው የሒሳብ ሹም ለብርሃን ሒሳብ አወራረደ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ይህን ያየው ግን ራማን ብቻ አልነበረም። በዚያው ወር፣ ከካልካታው ዕለት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሞስኮ ውስጥ ግሪጎሪ ላንድስበርግና ሊዮኒድ ማንደልሽታም በኳርትዝ ክሪስታል ላይ ይህንኑ አይተው ነበር። እነሱ በሚገባ እስኪያረጋግጡ ቆይተው ጽሑፋቸው በሐምሌ ወጣ፤ የራማንና የክሪሽናን ግን በማርች መጨረሻ «ኔቸር» ላይ ታትሞ ነበር። የ1930 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለራማን ብቻ ተሰጠ። በሳይንስ ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። ክሪሽናን አልተካፈለም፤ ሩሲያውያኑም አልተካፈሉም። ሩሲያ ውስጥ እስከ ዛሬ ነገሩ በራማን ስም አይጠራም። ማን ይበልጥ ይገባው ነበር የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። የታዘብሁትን ብቻ ልናገር፤ ስም አንድ ሰው ላይ ያርፋል፣ ሥራው ግን ከመዋጮ ሰብሳቢው ሐኪም እስከ ረዳቱ ዴይ ድረስ የብዙዎች ነው።

ሽልማቱ ነገሩን አክብሮ ደካማነቱን ግን አልፈወሰለትም። ከሚበተኑት የብርሃን ቅንጣቶች መካከል ቀረጡን ከፍላ የምትወጣው ከአሥር ሚሊዮን አንዷ ገደማ ናት። የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥሩ ምስል እስኪቀረጽ ድረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት መጠበቅ ነበረበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሞለኪውልን ርግብግብታ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለኩ ቀላል መሣሪያዎች ገበያ ላይ ሲውሉ አብዛኛው ኬሚስት ፊቱን ወደዚያ አዞረ። የራማን ዘዴ በጥቂቶች እጅ ብቻ ቀረ። በ1960 አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሲያበራ ግን ነገሩ ነፍስ ዘራ። አንድ ቀለም ብቻ ያለውና እንደ ጦር የቀጠነ ብርቱ ብርሃን ተገኘ። ነጋዴው በበዛ ቁጥር ቀረጥ ከፋዩም ይበዛልና! በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፈረንሳይና አሜሪካ ውስጥ ሌዘሩን ከማይክሮስኮፕ ጋር ያገናኙ መሣሪያዎች ተሠሩ። ራማን ይህን አላየም፤ በ1970 ባንጋሎር ውስጥ አርፎ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሕይወት መሠረት፣ ወደ ሕዋስ እንመጣለን። ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውሃ ላይ እንደ ተቀመጠ ውሃ ነው፤ አብዛኛው ነገሩ ቀለም የለውም። ስለዚህ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ሕዋሳትን ማቅለም ጀመሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ከባሕር ፍጥረት የተገኘ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን በሚፈለገው ፕሮቲን ላይ እየተሰፋ ሕዋስ ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ተቻለ። ለዚህ ሥራ ኦሳሙ ሺሞሙራ፣ ማርቲን ቻልፊና ሮጀር ቺን በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ያ የሚያበራ ፕሮቲን ከአንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል 150 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ትንንሾቹን ሞለኪውሎች በእሱ ለመከተል መሞከር ንብ ወዴት እንደምትበር ለማወቅ ፋኖስ ጀርባዋ ላይ እንደ ማሰር ነው። ንቢቱ ከነፋኖሷ መብረሯ ቀርቶ መሬት ትወድቃለች።

የራማን ብርሃን ግን ፋኖስ አያሻውም፤ ሞለኪውሏ ራሷ በድምፅዋ ትታወቃለችና። በ1990 ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች የአንድን ሕያው ሕዋስ የራማን ብርሃን በማይክሮስኮፕ ለይተው አነበቡ። አረንጓዴና ሰማያዊ ሌዘር ሕዋሱን ስለሚጎዳባቸው ለሕዋስ የሚራራውን ቀይ መረጡ። በ2011 ጃፓናውያን ሌላ ብልኃት አመጡ። ሁለት የካርቦን አቶሞች በሦስት እጥፍ ማሰሪያ የተያያዙባትን ቅንጣት ምልክት አድርገው በሞለኪውል ላይ አኖሩ። ይህች ምልክት የምትርገበገብበት ድምፅ ሕዋሱ ራሱ ጸጥ በሚልበት ስፍራ ላይ ስለሚወድቅ ለብቻዋ ትሰማለች። በ2012 ደግሞ የኦሳካ ተመራማሪዎች ሕዋስ ራሱን በራሱ ሲያጠፋ ተመለከቱ። ሳይቶክሮም ሲ የሚባለው ፕሮቲን ከሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ ከማይቶኮንድሪያ፣ ወጥቶ ሲሰራጭ ያለ ምንም ማቅለሚያ አዩት። የሕዋስ ሞት ምልክት ነው።

ይሁንና ያው የጥንቱ ጣጣ ተከተለ። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ መጠበቅ ያሻል። ሕያው ሕዋስ ግን አይጠብቅም። ይንቀሳቀሳል፤ ሞለኪውሎቹም ከቦታ ቦታ ይዋኛሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ገና ሳያነሣው ሄዷል። ሌዘሩን እናበርታ ቢባል ሕዋሱ ይቃጠላል። በኬሚካል እናድርቀው ቢባል ደግሞ ኬሚካሉ ራሱ ሞለኪውሎቹን ያበላሻል፤ ያየነው የሕዋሱን ኑሮ ሳይሆን የኬሚካሉን ሥራ ይሆናል። በ2008 ሃርቫርድ ውስጥ በሰኒ ሺ የተመራ ቡድን ሁለት ሌዘር አጣምሮ አንዱን ርግብግብታ መርጦ በፍጥነት የሚያነብበት መንገድ ከፍቷል። ሁሉንም ሞለኪውል በአንድነት፣ ከነዝርዝሩ ለማንበብ ለሚፈልግ ግን የጊዜው ጥያቄ እንደ ተደቀነ ነበር።

መልሱ ከብርድ መጣ። ብርድ ሲባል ደግሞ ደገኛ ሰው የሚያውቀው ውርጭ ነው። ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል በማግሥቱ የሚጠቁረው በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ አብጦ፣ እንደ መርፌም ሾሎ ሕዋሱን ስለሚወጋው ነው። ማቀዝቀዝ ብቻውን ማበላሸት ነው። ነገር ግን ውሃ በቅጽበት፣ መርፌ ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል፤ ሞለኪውሎቹም በነበሩበት ይቆማሉ። የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ካህንና ተመራማሪ ባዚል ሉየ ይህን ለማድረግ በ1930ዎቹ ደክሟል። ሌላው ስዊዘርላንዳዊ ዣክ ዱቦሼ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሃይደልበርግ ላይ ተሳካለትና ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዋለ። ለዚህም ከዮአኪም ፍራንክና ከሪቻርድ ሄንደርሰን ጋር በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ።

በዲሴምበር 2024 በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የካትሱማሳ ፉጂታ ቡድን ሁለቱን ወንዞች፣ የራማንን ብርሃንና የቅጽበቱን ብርድ፣ አንድ ላይ ያፈሰሰበትን ሥራ «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። ሕዋሱ በቅጽበት ይበርዳል፤ ከዚያም ብርዱ ከፍም ዝቅም ሳይል በተጠበቀበት ማቀፊያ ውስጥ በሌዘሩ ሥር ይቀመጣል። አሁን የሚሄድ የለም። ብርሃኑ የሚፈልገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ቀረጡን ይቆጥራል። አንባቢ ያስተውል፤ ብርዱ ብርሃኑን አላበረታውም። የሰጠው ነገር ጊዜ ነው። ምስሉ ጠራ፤ ተቀራራቢ ድምፆችም ተለያዩ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በልብ ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። ደም ሲቋረጥበት የልብ ጡንቻ ኦክሲጅን ያጣል፤ ኦክሲጅንን የሚይዙትና ኃይልን የሚያቀባብሉት ብረት አዘል ፕሮቲኖችም ያን ጊዜ ሁኔታቸው ይለወጣል። ሥጋው በኬሚካል ከደረቀ ይህ ሁኔታ ይጠፋል። በቅጽበት ከበረደ ግን ጡንቻው ሲታፈን የነበረበት ሁኔታ እንዳለ ተጠብቆ ይነበባል። የልብ ድካም ዘመድ የነጠቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረጃ አያሻውም። መድኃኒት ነው አላልሁም፤ አይደለምም። የመታፈኗን ደቂቃ እንደ ነበረች ማየት መቻል ነው፤ መድኃኒትም ቢሆን የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚሁ ጥናት ላይ ብዙ ሞለኪውሎች በአንድነት የታዩባቸው ሕዋሳት «ሄላ» የሚባሉት ናቸው። በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከተባለች ጥቁር አሜሪካዊት እናት የካንሰር እጢ፣ ሳታውቅና ሳትፈቅድ የተወሰዱ ናቸው፤ እሷ በዚያው ዓመት ሞተች፣ ሕዋሳቷ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይራባሉ። ስሟ ለብዙ ዓመታት አልተነገረም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ወደ ኋላ ከቀሩት መካከል እሷንም መቁጠር ተገቢ ይመስለኛል።

ብርዱ ዋጋ ሳያስከፍል አልቀረም። የበረደ ሕዋስ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ፊልም አይደለም። ቀጥሎ የሚያደርገውን አያሳየንም። በትክክል ለማየት ማስቆም ግድ ሆነ፤ የቆመውም አይቀጥልም። ሕያውን በሩጫ ማየትና የቆመውን አጥርቶ ማየት ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ተመራማሪውም የትኛውን እንደሚሻ አስቀድሞ መምረጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ሳስብ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ይመጣብኛል። ከአሥር ሚሊዮን አንዷን ቅንጣት ለማየት አንዱ የቢሮውን ጠዋትና ማታ ሰጠ፤ ሌላው ብርቱ ብርሃን ፈለሰፈ፤ ሌላው ሕዋሱን አስቁሞ ጠበቀ። ሁሉም ግን ያን ጊዜ የሚሰጡበት ቤት ያስፈልጋቸው ነበር። ራማን ብልኅ ነበር፤ ሰሌዳው ባይኖርና በሩ ባይከፈትለት ግን ብልኅነቱን ይዞ የሒሳብ ሹም ሆኖ ጡረታ በወጣ ነበር። ከ1876 ጀምሮ ያን በር አቁሞ፣ የሚገባበትን ሰው ሳያይ የሞተው የካልካታው ሐኪም ለዚህ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ የሰጠ ሰው ነው።